የዶክተር እንሺራህ የእግር አውራ ጣት

ዱምያጥ እንጨት ጠርቦ የሚያድር ከተማ ነው። በየሰፈሩ አልጋ፣ ሶፋና ቁም ሳጥን ይሠራል፤ ሚስማሩና ስንጥሩም በየመንገዱ ይበተናል። ስለዚህ የዱምያጥ ሰው እግር ከሐኪም እጅ አይጠፋም። የሐኪሟ ስም ደግሞ ዶክተር እንሺራህ አል-ሎዚ ነው። በመንግሥት ሆስፒታሉ ምድር ቤት፣ በትንሿ የቀዶ ጥገና ክፍል፣ የዕድሜዋን እኩሌታ የሰው እግር ላይ ጎንበስ ብላ አሳልፋለች። ስንጥር ታወጣለች፤ ወደ ሥጋ የገባ ጥፍር ታቃናለች፤ ኪንታሮት ትልጣለች፤ ያላማራትን ጥቁር ነጥብ ከቆዳ ላይ ቆርጣ ትሰፋለች።

ባሏ ገላል፣ ሰው ለሙያው አክብሮት «ኡስጣ» የሚለው፣ የወንበር እግር ቀራጭ ነው። የአንበሳ መዳፍ የሚመስል፣ ጥፍሩ ሁሉ ሳይቀር የሚታይ እግር ይቀርጻል። ሰው ስለ ሁለቱ ሲያነሳበት፣ «ሥራችን አንድ ነው፤ ልዩነቱ የኔዎቹ ሲቆረጡ አይሳደቡም» ይላል።

እንሺራህ አጭር፣ ክብ፣ ድምፅዋ ከኮሪደሩ ማዶ የሚሰማ ሴት ነበረች። ለታካሚ ሁሉ «ጫማህ ይስፋ፣ ጣት እንዲተነፍስ ተወው!» እያለች ትሰብካለች። ራሷ ግን ከአጭርነቷ ጋር ዕርቅ ስላልፈጠረች፣ ተረከዙ ከፍ ያለ፣ ጫፉ እንደ እርሳስ የሾለ ጫማ ታደርጋለች። ይህን ሆስፒታሉ በሙሉ ያውቃል፤ ፊት ለፊት የሚናገራት ግን አንድ ሰው ብቻ ነው፤ አብራት ያረጀችው ነርስ፣ ሲስተር ኒዕማት።

እንሺራህን እንሺራህ ያሰኛት ግን ማስተማሯ ነው። በየሳምንቱ አንድ ከሰዓት በኋላ ወጣት ሐኪሞቹን ሰብስባ በበሬ እግር ላይ ታለማምዳቸዋለች። የበሬ እግር ሾርባ በዱምያጥ የተከበረ ምግብ ስለሆነ ሥጋ ሻጩ መጀመሪያ ላይ ነገሩ አልገባውም ነበር።

«ዶክተር፣ ቤታችሁ ስንት ሰው ነው ይህን ሁሉ የሚበላው?» አላት አንድ ቀን።

«አይበላም፣ ይሰፋል።»

ሰውየው ጥቂት አሰበና፣ «ያልፋል፣ አይዞሽ» ብሎ አንድ እግር መረቀላት።

ልጆቹ ቆዳውን ይቀድዳሉ፣ ይሰፋሉ፣ ይፈታሉ፣ እንደገና ይሰፋሉ። ከዚያ በኋላ ግማሾቹ የበሬ እግር ሾርባ በዓይናቸው ማየት አስጠልቷቸው ቀርቷል። እሷ ግን ከስፌቱ ይልቅ የምትቆጣጠረው ከስፌቱ በፊትና በኋላ ያለውን ነው። «በሽተኛውን ‹አንተ እገሌ ነህ?› ብላችሁ አትጠይቁ፤ የፈራ ሰው ለጠየቁት ሁሉ አዎ ይላል። ስሙን ራሱ ይናገር። የሚቆረጠውን ጣት ራሱ ያሳያችሁ፤ እናንተ በቀለም ምልክት አድርጉበት።» ደም እንዳይፈስ በጣት ሥር የሚታሰረውን ላስቲክ በትልቅ መቆንጠጫ ነክሰው እንዲይዙት ታዛቸዋለች፤ መቆንጠጫው ተንጠልጥሎ ስለሚታይ ላስቲኩ በፋሻ ውስጥ ተረስቶ አይቀርም። ይህን የምትለው በከንቱ አይደለም። ተማሪ ሳለች፣ ሌላ ከተማ፣ ላስቲኩ ከነፋሻው የቀረበት ዳቦ ጋጋሪ በማግስቱ ጣቱ እንደ ከሰል ጠቁሮ ሲመጣ አይታለች። የሰውየው ፊት እስከ ዛሬ አይጠፋትም። ከሁሉ በላይ ደግሞ፣ ከሰው ገላ ላይ የተቆረጠ ነገር፣ የምስር ፍሬ ብታክል እንኳ፣ በማይክሮስኮፕ ሳይታይ ቆሻሻ ውስጥ ከተጣለ፣ የጣለው ሰው አብሮ መጣል አለበት ባይ ናት።

በዚያ ዓመት ከነበሩት ተማሪዎች መካከል ዋጊህ የሚባል፣ ከፋራስኩር ከተማ የመጣ ረጅም ልጅ ነበር። ትሑት ነው፤ እጁ ጥሩ ነው፤ ግን ቀስታው ያሳብዳል። ሌሎቹ ጨርሰው ጓንታቸውን ሲያወልቁ እሱ ሁለተኛውን ስፌት ያሰላስላል።

«ዋጊህ፣ ልጄ» ትለዋለች እንሺራህ፣ «በሬው ከሞተ በኋላ ሊያረጅ ነው እኮ!»

«ይቅርታ ዶክተር።»

«ኤሊ እንኳ እዚህ ጋ ቢቀጠር ካንተ ቀድሞ ይመረቃል።»

«እውነትዎን ነው ዶክተር» ይልና ሦስተኛውን ስፌት ማሰላሰል ይጀምራል። ኤሊው የሚለው ስም ከዚያ ወዲያ ከላዩ አልወረደም።

እንግዲህ በዚያ ክረምት ዶክተር እንሺራህ ማንከስ ጀመረች። የግራ እግሯ አውራ ጣት ላይ፣ በጥፍሩ ጎን፣ ቀይና እርጥብ ሥጋ በቅሎ ነበር። ሲነኩት ይደማል፤ ጫማ ሲገባበት ነፍስ ያወጣል። እሷ ወዲያው ፈረደች፤ ጥፍር ነው፣ ወደ ሥጋ የገባ ጥፍር፣ በእጇ ሺህ ጊዜ ያለፈ ነገር። በመድኃኒት አቃጠለችው፤ ጠፋ። ተመልሶ በቀለ። እንደገና አቃጠለችው፤ እንደገና በቀለ። እንዲህ ያለ ታካሚ ቢመጣባት ኖሮ «እስከ ዛሬ የት ነበርክ?» ብላ ታስደነግጠው ነበር። ለራሷ ግን ታጋሽ ሆነች።

ተማሪዎቹ ማንከሷን አዩ፤ ትንፍሽ ግን አላሉም። ገላልም አየ። «ምን ሆነሻል?» ሲላት፣ «ደረጃው ነው» አለችው። ቤታቸው ምድር ላይ ነው፤ ደረጃ የለውም። ገላልም ለትዳሩ ሲል ዝም አለ።

እውነቱን ለመናገር፣ እንሺራህ መርፌ ትፈራለች። ሌሎችን ስትወጋ የምትዘፍነው ሴት፣ ለራሷ ሲሆን እጅና እግሯ ይቀዘቅዛል። ይህን የሚያውቅ ሰው አልነበረም።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ታካሚው ሁሉ ሲሄድ ክፍሉን ከውስጥ ዘጋችና ሥራውን በገዛ እጇ ለመጨረስ ተነሳች። መርፌና ማደንዘዣ አዘጋጀች፤ ግራ እግሯን በዕቃ ጠረጴዛው ላይ ሰቀለች። እዚህ ላይ ያላሰበችው ነገር ገጠማት። ሆዷ በመሐል ገባ። ጎንበስ ስትል ጣቷ አይታያትም፤ ቀና ስትል እጇ አይደርስም። በግራ ሞከረች፣ በቀኝ ሞከረች፤ በመጨረሻ ትንፋሿን ውጣ፣ መርፌውን ወደ ፊት ቀስራ፣ ዓይኗን ጨፈነች። ልክ በዚያች ቅጽበት ሲስተር ኒዕማት በራሷ ቁልፍ ከፍታ ገባች።

«ምን እየሠራሽ ነው?»

«ጫማዬን እያሰርኩ።»

«በመርፌ?»

እንሺራህ እግሯን ለማውረድ ሞከረች፤ አልወርድ አላት። ኒዕማት ተረከዟን ይዛ በጥንቃቄ አወረደችላትና ጣቷን ስታይ ሳቋ ጠፋ።

«ይሄ ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ጥፍር ነው አልኩሽ እኮ።»

«አላልሽኝም። ምንም አላልሽኝም። ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ከ... ከዒድ በፊት።»

«ከየትኛው ዒድ?»

ኒዕማት በሩን ከፍታ ወደ ኮሪደሩ ተጣራች፤ ተረኛ ሆኖ የተገኘው ሐኪም ዋጊህ ነበር።

«ኤሊውን?» አለች እንሺራህ ደንግጣ። «ኒዕማት፣ ስለ አላህ ብለሽ! እሱ እስኪጨርስ ጡረታ እወጣለሁ!»

«ጥሩ ነው፣ አብረን እንወጣለን» አለች ኒዕማት።

ዋጊህ ገባ፤ መምህርቱን የሕክምና አልጋው ላይ፣ እግሯ ባዶ ሆኖ ሲያይ ጆሮው ድረስ ቀላ። ግን እጁን ታጠበ፤ ያውም እንደ ልማዱ፣ እያንዳንዱን ጣት ለብቻው። ከዚያ ወንበር ስቦ ተቀመጠና ጉሮሮውን ጠረገ።

«ስምዎን ይንገሩኝ።»

«ምን?»

«ስምዎን... ሙሉ ስምዎን ዶክተር።»

«አሁን ዶክተር አልከኝ እኮ! ታዲያ ማን ልሆን ነው?»

«ይቅርታ ዶክተር። ስምዎ ማን ነው?»

እንሺራህ ወደ ኒዕማት ዞረች። ኒዕማት ጣሪያውን ትመለከታለች። «እንሺራህ አብዱልሐዲ አል-ሎዚ!» ብላ ጮኸች፤ ኮሪደሩ ላይ ያለፈ ሰው ሁሉ ሰማ።

«የሚታከመውን ጣት ያሳዩኝ።»

«ደም የሚተፋውን ጣት አይተህ መለየት አቃተህ?»

ዋጊህ ቀለሙን ይዞ ጠበቀ። እሷም አሳየች። ምልክት አደረገበት። ደም የሚያቀጥን መድኃኒት ትወስድ እንደሆነ ጠየቃት፤ የለም አለች፤ ኒዕማት ሳል አለች፤ እንሺራህ አስፕሪን መውሰዷን አመነች። መርፌው ብቅ ሲል መምህሯ አፏን ዘጋች። ፊቷ ነጣ፤ እጇ የአልጋውን ጠርዝ ያዘ። ዋጊህ አየና መርፌውን አስቀመጠ።

«ዶክተር፣ በቀስታ ነው የምሰጥዎ። ቀስ ተብሎ ሲሰጥ ብዙ አያምም።» ትንሽ አመነታና ጨመረ፤ «ቀስታ እንኳ አያቅተኝም።»

ኒዕማት ሳቋን ልትይዝ አልቻለችም። እንሺራህም ሳቀች፤ በሳቋ መሐል መርፌው ገብቶ ወጣ፣ እሷ ገና «መቼ ነው የምትጀምረው?» ትላለች።

ከዚያ አፏ ተመለሰ። «ላስቲኩን አጥብቀው። መቆንጠጫው የታለ? ምላጩን እንደ እስክሪብቶ ያዘው እንጂ እንደ ማንኪያ አይደለም!» በመጨረሻ ኒዕማት፣ «ዛሬ ታካሚ ነሽ፤ ታካሚ ዝም ይላል» አለቻት። «እኔ ጋ የመጣ ታካሚ ዝም ብሎ ያውቃል?» አለች እንሺራህ፣ ግን ዝም አለች። እና ዝም ስትል የልጁን እጅ አየችው። አይቸኩልም፤ ደግሞም አይመለስም። አንዴ የነካውን ሁለተኛ አይነካውም። የጥፍሩን ጎን አነሳ፣ የበቀለውን ሥጋ ከሥሩ አወጣ፣ ቁስሉን ሰፋ፣ ላስቲኩን ፈታ፣ ደም ወደ ጣቱ ተመልሶ እስኪቀላ ተቀምጦ ጠበቀ። ከዚያ ፋሻ አደረገላት።

ኒዕማት ናሙና መያዣውን ጠርሙስ አቀረበች።

«እሱን ተዉት» አለች እንሺራህ። «የጥፍር ሥጋ ነው። ጣሉት።»

ዋጊህ መቆንጠጫውን እንደያዘ ቆመ።

«ጣለው አልኩህ! ላቦራቶሪ ያሉት በኔ እንዲስቁብኝ ነው? የእንሺራህ ጥፍር ብለው በፍሬም ሊሰቅሉት ነው?»

«አልችልም ዶክተር።»

«እኔ ነኝ የማዝህ!»

«አውቃለሁ። ለዚህ ነው የፈራሁት» አለ ዋጊህ፣ ግንባሩ አልቦት። «ዛሬ ባልጥል ዛሬ ይቆጡኛል። ብጥል ግን በሚቀጥለው ሳምንት በሬው ፊት፣ ሁሉም እያዩኝ ‹ማን ነው የጣለው?› ይሉኛል። የዛሬዋ እርስዎ ይሻሉኛል።»

ሥጋዋንም ጠርሙሱ ውስጥ ጨመራት።

ውጤቱ እስኪመጣ እንሺራህ ጉዳዩን ረስታው ነበር። እያነከሰች ሥራዋን ቀጥላ፣ ስለ ስፌቱ ዋጊህን ስትነዘንዝ ሰነበተች። ላቦራቶሪ ውስጥ የምትሠራው ዶክተር ሚርቫት ወትሮ ስልክ ነበር የምትደውለው። በዚያ ቀን ግን ከፎቅ ወርዳ በእግሯ መጣች፤ ገብታም በሩን ዘጋች። እንሺራህ ይህን በር አዘጋግ ታውቀዋለች። ራሷ ብዙ ጊዜ እንዲህ ዘግታዋለች።

«ጥፍር አይደለም አይደል?» አለች።

«አይደለም እንሺ።»

ሜላኖማ ነበር፤ ክፉው የቆዳ ካንሰር፣ ያውም ጥቁር ቀለም የሌለው፣ ሐኪምን በቀይ ሥጋ መልክ የሚያታልለው ዓይነት። ሚርቫት ገና ብዙ እንዳልጠለቀ ነገረቻት፤ ሌላም ብዙ ነገር ነገረቻት። እንሺራህ ግን አብዛኛውን የሰማችው አይመስልም። ወንበሯ ላይ ተቀምጣ የሾለ ጫማዋን አየችው። ለስንቱ ሰው «አይዞህ» ብላለች። አሁን ቃሉ ወደ ራሷ ሲመጣ ትንሽ ሆነባት፣ እንደ ሰው ልብስ።

ቤቷ ስትደርስ ገላል ከቤቱ አጠገብ ባለው ሱቁ ውስጥ ማሽኑን ከፍቶ ይሠራ ነበር። በሩ ላይ ቆማ ጮኸች።

«ገላል፣ ጣቴ ካንሰር ነው!»

«ምን?»

«ካንሰር! ጣቴ!»

ማሽኑን አጠፋ። ወደ ኋላው ሄደና ያገኘው ወንበር ላይ ተቀመጠ፤ ወንበሩ ግን አራተኛ እግሩ ገና አልተገጠመለትም ነበር። ገላል ከነወንበሩ ተገለበጠና ሰጋቱራው ውስጥ ቁጭ አለ። እንሺራህ ልትስቅ አፏን ከፈተች፤ የወጣው ግን ለቅሶ ነበር። እሱም እንደተቀመጠ እጁን ዘረጋላት፤ አጠገቡ ሰጋቱራው ላይ ተቀመጠች።

«ደረጃው ነው ብለሽኝ ነበር» አላት።

«ደረጃ የለንም እኮ።»

«አውቃለሁ። እኔም ደረጃ የሌለን መሆኑን ለማስታወስ ፈርቼሽ ነበር። ከዛሬ ጀምሮ አልፈራሽም።»

መንሱራ ከተማ ያለ አንድ ሽማግሌ የካንሰር ሐኪም ጣቷን ከመጀመሪያው መገጣጠሚያ ላይ ቆረጠላት፤ ካንሰሩ ደርሶበት እንደሆነ ለማወቅ በብሽሽቷ ያለውን ዕጢም መረመረው። ሽማግሌው ትዕግሥተኛ ነበር፤ ትዕግሥቱም አስፈለገው። ዕቃው የተቀቀለው መቼ እንደሆነ ጠየቀችው፤ የእሱ ነርስ እጇን ስትታጠብ እንሺራህ አፍጥጣ አየቻት፤ ማደንዘዣው ይዟት ሲሄድ እንኳ ስለ ላስቲኩ ታጉረመርም ነበር ይባላል። ዕጢው ንጹሕ ሆነ። ይህን የነገራት ገላል ነበር፤ ሲነግራት ድምፁ ተቆራርጦ ሁለት ጊዜ ማስደገም ነበረባት።

ዋጊህ ሊጠይቃት መንሱራ ድረስ መጣ፤ እናቱ የጋገረችውን በቅቤ የራሰ ፈቲር ተሸክሞ። በሩ ላይ ቆሞ ምን እንደሚል ጠፋው። እንሺራህም ጠፋት። ሕይወቷን ሙሉ ስታርም የኖረች ሴት፣ ማመስገን እንዴት እንደሚጀመር አታውቅም።

«ስፌትህ ጥሩ ነበር» አለችው በመጨረሻ።

«ጥፍሩ ጋ ትንሽ—»

«ጥሩ ነበር አልኩህ! ቁጭ በልና ብላ።»

ለመራመድ ጊዜ ወሰደባት። አውራ ጣት ሲጎድል ሰውነት ወደ ጎን ይሄዳል፤ ጫማውም በፊቱ ባዶ ይቀራል። ገላል ዛን ከሚባል ጠንካራ እንጨት ባዶውን የሚሞላ ጣት ቀረጸላት፤ ጥፍር ሳይቀር ሠርቶለት፣ በአንበሳው ዓይነት።

«ይሄን ለወንበር ነው የሠራኸው ለሰው?» አለችው አድርጋ ስትቆም። «ይወጋል!»

አለሰለሰው። አሁንም ወጋት። በስተመጨረሻ ለስላሳ ጨርቅ አልብሶ፣ ጥፍሩን ቆርጦ ሰጣት፤ ጥፍሩ ሲቆረጥ ግን አዘነ፤ የደከመበት እሱ ላይ ነበር።

ወደ ሥራዋ ስትመለስ ተማሪዎቹ ተሰለፉላት፤ በሬውም በቦታው ነበር። የበሬውን እግር ከመያዟ በፊት የራሷን አወጣችና ጠረጴዛው ላይ አደረገች። «እዩ» አለች። «ይህ የሐኪም እግር ነው። ሐኪሟ ጥፍር ነው ብላ ነበር። ሐኪሟ ጣሉት ብላም ነበር። የበሬውን ነገር በኋላ እናየዋለን፤ መጀመሪያ ይህችን ሐኪም ምን እንደምትሏት ንገሩኝ።» ማንም አልደፈረም። ኒዕማት ብቻ ከጥግ፣ «ደረቅ!» አለች፤ እንሺራህም «ትክክል» ብላ ቀጠለች።

በዚያ ሰሞን ዋጊህን ኤሊ ብላ አልጠራችውም። እሱ ሦስተኛውን ስፌት ሲያሰላስል በዝምታ ታልፈዋለች። ልጁ ሰላም አጣ፤ ወደ ኒዕማት ሄዶ፣ «ዶክተር ዳግም አመማቸው እንዴ?» ብሎ ጠየቃት። ኒዕማት ለእንሺራህ ነገረቻት። በማግስቱ ኮሪደሩ ከጫፍ እስከ ጫፍ፣ «ኤሊው! የት ነው ያለኸው? እስክትመጣ በሬው ስሙን ሊረሳ ነው!» በሚል ጩኸት ተናወጠ። ዋጊህ ደስ ብሎት ሊሮጥ ትንሽ ቀረው።

በጋው ሲገባ ገላል ራስ አል-በር ወሰዳት፤ የከተማቸው ወንዝ ባሕሩን ወደሚያገኝበት፣ ዱምያጥ ሁሉ በሙቀት ወደሚሰደድበት። እንሺራህ ሰፊ ክፍት ጫማ ገዝታ ነበር፤ አጭርነቷ ባሕሩ ዳር ያን ያህል አላሳሰባትም። ጃንጥላ ሥር እግሯን ዘርግታ ስትቀመጥ የጎረቤት ልጆች መጥተው ጎዶሎ ጣቷ ላይ አፈጠጡ።

«ምን በላው?» አለች አንዷ ትንሽ ልጅ።

እንሺራህ እውነቱን ልትነግራት አሰበች፤ ነገሩ ለሕፃን ረጅም ሆነባት። «ዓሣ» አለቻት። «እዚሁ፣ ይሄ ማዕበሉ የሚመታበት ጋ።»

ልጆቹ አፋቸውን ያዙና ተበተኑ። ከዚያ ወዲያ አንድም ልጅ ውኃ አልገባም አለ፤ ባሕሩ ዳር ለቅሶ በለቅሶ ሆነ። እናቶቹ ምክንያቱን ሲደርሱበት ሦስት ሆነው ተያይዘው መጡባት። ገላል ፊቱን በጋዜጣ ሸፈነ። ዶክተር እንሺራህም ይቅርታ ከመጠየቅ ይልቅ ተነሳች፤ ቀሚሷን ሰብስባ፣ ወደ ጎን እያዘመመች፣ ልጆቹ በጩኸት እየከለከሏት ማዕበሉ ውስጥ ጉልበቷ ድረስ ገባች። እግሯን ከውኃው አንስታም፣ የቀሩት ጣቶቿ እንዳልተበሉ አንድ በአንድ እየቆጠረች አሳየቻቸው።